ከሄሊኮፕተሩ በር ላይ እጁን ያወዛወዘልን ሰው

ቅዳሜ

አንዱ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንዱ ብቻ ነው የወጣው፤ ግን ወጣ።

ሄሊኮፕተር ማንሳት ከጄት ይከብዳል ሲሉኝ አላምንም ነበር። ጄት ሲሆን ሹተሩን፣ የካሜራውን መክፈቻና መዝጊያ፣ አፍጥነህ ትከተለዋለህ፤ ወይ ታገኘዋለህ ወይ ታጣዋለህ። ሄሊኮፕተር ላይ ሹተሩን ካፈጠንክ ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎቹ ቀጥ ብለው ይቆሙና በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ ይመስልሃል። እንዲሽከረከሩ ማዘግየት አለብህ። ስታዘገየው ደግሞ እጅህ ትንሽ ከተነቃነቀ ሁሉም ይደበዝዛል። የዛሬው ብርድ ደግሞ የጣቶቼን ጫፍ አሳጥቶኝ ነበር።

ጠዋት ኡም ፒት በአሮጌዋ ባኪው፣ ከኋላ ክፍት በሆነችው ፒክአፑ፣ ሜይፌር ቤቴ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። ኡም በዚህ አገር ነጮች ቋንቋ እንደኛ ጋሼ ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜን ከአየር ኃይል አጥር ስር አውሮፕላን እያነሳ ነው የሚያሳልፈው። የባኪው መጫኛ ላይ ሁለት ታጣፊ ወንበር፣ አንድ አጭር መሰላልና የሻይ ፔርሙስ አይጠፋም። እኔ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌንሴንም ከአሮጌ ዕቃ ቤት የመረጠልኝ እሱ ነው።

ፕሪቶሪያ አጠገብ ካለው የአየር ኃይል ጣቢያ ስንደርስ ሜዳው በጭስ ተሸፍኗል። እዚህ ብርዱ ሲገባ ሣሩ ይቃጠላል። ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ ጭስ፣ ግራጫ የተቀባ አውሮፕላን። “እነሱ እንዳይታዩ ይቀቡታል፣ እኛ ለማየት እንመጣለን” ይላል ኡም ፒት፤ በየሳምንቱ ይለዋል፣ በየሳምንቱ ይስቃል። ለረጅም ሰዓት ምንም አልበረረም። እግሬ ደነዘዘ። የካሜራዬ ባትሪ በብርዱ ቶሎ ይሞታልና ብብቴ ስር ይዤው ነበር።

ከዚያ ከጭሱ ውስጥ መጣ። ዝቅ ብሎ፣ በአጥሩ አናት። የጎን በሩ ክፍት ነው። በሩ ላይ አንድ ወታደር እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። የራስ ቁሩን መስተዋት ወደ ላይ ገፍቶታል። ሲያየን እጁን አወዛወዘልን። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ካሜራው አጥሩን እየያዘ ስንት ጊዜ አስቸገረኝ፤ አንዴ ግን ሰውየውን ያዘ። ክንፎቹ ይሽከረከራሉ፣ ፊቱ ጥርት ብሏል።

ኡም ፒት በስክሪኑ አየው። ትከሻዬን መታ አደረገና ሻይ ቀዳልኝ። ከሱ ይሄ ብዙ ነው።

ሳንጠጣው ጠባቂው መጣ። ወጣት ወታደር ነው፣ ጨዋ። ከአጥሩ ስር ሌሎች ሁለት ነጮችም ነበሩ፤ ወረቀት የጠየቀው እኔን ብቻ ነው። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው አልፏል። እድሳቱን በኢንተርኔት ልኬአለሁ፤ በእጄ ያለው “ደርሶናል” የሚል መልስ ብቻ ነው። እሱን ከስልኬ አሳየሁት። ኡም ፒት “ከኔ ጋር ነው። ከመንገድ ላይ ሆኖ ማንሳት አልተከለከለም” አለው። ወታደሩ “አውቃለሁ አባት፣ ሥራዬ ሆኖ ነው” ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። ሻዩ ግን ከዚያ በኋላ አልጣመኝም።

ቢሾፍቱ ተወልጄ፣ ጄት በቤታችን ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ አድጌ፣ እዚያ አንድም ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ወደዚያ አየር ኃይል አጥር ካሜራ የሚያዞር ማን ነበር? የልጅነት አምሮቴን የተወጣሁት በሰው አገር ነው።

ቤት ስገባ ሐና ከሥራ ቀድማኝ ደርሳለች። “ዛሬስ ማን ጠየቀህ?” አለችኝ። ሚስት ፊት ታነባለች። ነገርኳት። ፎቶውን ላሳይሽ ስላት “ተወኝ እባክህ” ብላ ፊቷን አዞረች።

እሑድ

ጋሽ ታደሰ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ እሑድ የኮዝሞ ሲቲው ሱቅ የኔ ነው። ሱቁ የሱ ነው፤ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ግን እንደ ታናሽ ወንድሙ ነው የሚያየኝ። የሆሳዕና ሰው ነው፤ በአማርኛ ይቆጣኛል፣ በሀዲይኛ ይጸልያል።

ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ዳቦ፣ ፓራፊን የሚሉትን ላምባ፣ የስልክ ኤርታይም፣ በነጠላ ሲጋራ ስሸጥ ዋልኩ። በየመሃሉ ካሜራዬን እያወጣሁ ያንን ፎቶ አያለሁ። እንደ ሞኝ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ተናገረ። ተራራ ላይ የጠፉ ሰዎችን ሊፈልግ የወጣ የጦር ሄሊኮፕተር ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ወድቋል። ከውስጥ የተረፈ የለም።

አንዲት ሴት ዱቄት ጠይቃኝ ስኳር ሰጠኋት። “ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬ የት ነህ?” አለችኝ። እዚህ የውጭ አገር ባለሱቆች ሁላችንም ስማችን ማይ ፍሬንድ ነው።

ሄሊኮፕተር ብዙ ነው አልኩ ለራሴ። ጣቢያም ብዙ ነው። ካሜራውን ግን ከዚያ በኋላ አልከፈትኩትም።

ሰኞ

ኡም ፒት ጠዋት ደወለ። ሰላምታ የለም። “ቢኒ፣ ቁጥሩን እይልኝ” አለኝ። ጅራቱ ላይ ያለውን፤ የወደቀው ቁጥር ወጥቷል። ፎቶውን አተልቄ አነበብኩለት። ዝም አለ።  ስልኩ ውስጥ የቤቱ ሬዲዮ ይሰማኝ ነበር። “እሱ ነው” አለ በመጨረሻ። “የቅዳሜው ነው።”

ማታ ለሐና ነገርኳት። መጀመሪያ “ነፍስ ይማር” አለች። ቀጥላ የተናገረችው ግን ይኸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። “እና አንተ ከመውደቁ አንድ ቀን በፊት አንስተኸዋል። ወረቀት የሌለህ ሰው። ወታደሩ ደግሞ ስምህን አይቷል።” እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። እሷ ከተናገረችው በኋላ ሌላ ማሰብ አቃተኝ።

ኡም ፒት ፎቶውን ላክልኝ፣ የሟቾቹ ቤተሰብ ሊፈልገው ይችላል ብሎ ነበር። ሐና ግን እንደማትልክ ማልልኝ አለችኝ። አልማልኩም፤ ግን አልላክሁም።

የአውሮፕላን ፎቶ አንሺዎቹ የስልክ ግሩፕ ቀኑን ሙሉ ሐዘን ሲቀባበል ዋለ። ሻማ፣ የተጣመሩ እጆች፣ የድሮ ፎቶዎች። ወደ ማታ አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ቅዳሜ አጥሩ ስር ትልቅ ሌንስ ይዞ የነበረው የውጭ አገር ሰው ማን ነው? ፎቶ አያይዟል። ከጀርባዬ የተነሳሁት። ሰማያዊ ጃኬቴ፣ ካሜራዬ ወደ ሰማይ።

ኡም ፒት ወዲያው መለሰ፦ “ስሙ ቢኒያም ነው። ጓደኛዬ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ጥያቄ ያለው ይደውልልኝ።”

ማንም አልመለሰም። ዝምታው ከጥያቄው ባሰብኝ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሌንስ ሲጠይቁኝ የነበሩ፣ ፎቶዬን ሲያደንቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ማክሰኞ

ጃኬቱን አልለበስኩም። በብርድ ተንቀጥቅጬ ዋልኩ።

ረፋድ ላይ አንድ የማውቀው ደንበኛ፣ ሁልጊዜ ሲጋራ የሚገዛ ጎረምሳ፣ ስልኩን በፍርግርጉ ቀዳዳ አስገብቶ አሳየኝ። ያው ፎቶ ነው። ከግሩፑ ወጥቶ እዚህ ደርሷል። ከስሩ ምን ምን እንደተጻፈ ላነበው አልቻልኩም፤ ከፊሉ በዙሉ ነው፣ ከፊሉን ዓይኔ እምቢ አለ። “ይሄ አንተ ነህ አይደል ማይ ፍሬንድ? ይሄ የመኪና መብራት የሚያህል ካሜራ፣ እሑድ ያየሁት፣ ያንተ ነው።” አየሁት። ክፋት የለበትም፤ ገርሞት ነው። “አይደለሁም” አልኩት። ሲጋራውን ተቀብሎ ሄደ። እንዳላመነኝ አውቃለሁ።

ጋሽ ታደሰ ጀርባዬ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። የሱቁን በር ዘጋና ተቀመጥ አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

“ቢኒያም፣ እዚህ አገር የምንኖረው ሳንታይ ነው” አለኝ። “ሱቄ የተዘረፈ ጊዜ ምን አድርገን ነበር? ምንም። አንድ ሰው አንድ ወሬ አወራ፣ በቃ። አሁን አንተ ለወሬ ፎቶ ሰጠሃቸው።”

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ያጠፋሁት የለም።”

“እሱን አልጠየቅኩህም። አጥፋው። ካሜራውንም ወይ ሽጠው ወይ ቅበረው።”

እውነቱን ነው። በዚህ ዕድሜው ከፍርግርግ ጀርባ የሚተኛ ሰው ነው፤ ስለ ፍርሃት ከሱ የሚያውቅ የለም። በሱቁ የሚተዳደረው እሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ነኝ፣ አገር ቤት ያሉት ልጆቹም ናቸው። አጠፋዋለሁ አልኩት።

ረቡዕ

ላጠፋው ነበር። ታክሲ ስጠብቅ ካሜራውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል ካሜራው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

ሰውየው ሲስቅ አየሁት። ከወደቀ ወዲህ ፊቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ነገር አለው። የጓንቱ አንድ ጣት ተቀዷል። ቅዳሜ ይሄን ሁሉ አላየሁም ነበር፤ ክንፎቹንና ጥራቱን ነበር የማየው።

ቢሾፍቱ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ትዝ አለችኝ። ልጇ ዘምቶ ሳይመለስ ቀረ። ለቅሶው ላይ የሚቆም ፎቶ ቢፈለግ ጠፋ፤ የስምንተኛ ክፍል መፈተኛ ካርዱ ላይ የነበረችውን አሳድገው አቆሙ። ጢም አውጥቶ የሄደ ሰው በልጅነት መልኩ ተለቀሰለት። እትዬ አስቴር “ይሄማ የድሮው ልጄ ነው፣ የአሁኑስ የታለ?” እያለች ነበር የምትጮኸው።

ካሜራውን መልሼ ዘጋሁት። ለኡም ፒት ደወልኩና “ናና ወደ ጣቢያው ውሰደኝ” አልኩት። ለጋሽ ታደሰ አሞኛል አልኩት። 

የጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ከመኪናው አልወረድኩም። ሁልጊዜ ከአጥር ውጭ ቆሜ የማየው በር ነው። ኡም ፒት ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። “ካልፈለግክ እንመለሳለን፣ ማንም አይቀየምህም” አለኝ። ወረድኩ።

የተቀበለችን አንዲት ሻለቃ ናት። አደጋውን ከሚያጣሩት አንዷ ነች። ዓይኗ ስር ጠቁሯል፤ እንቅልፍ ያየች አትመስልም። ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ ስትከፍተው ለአፍታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እንደ ወታደር ሆነች። የት ቆመህ ነበር፣ ሌሎች ፎቶዎች አሉህ ወይ አለችኝ። የደበዘዙትን ቅዳሜ ማታ አጥፍቻቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው። ነገርኳት። ፎቶውን ስልኬ ላይ ገልብጣልኝ፣ የካሜራውን ካርድ ትተህልኝ ሂድ፣ የጠፋ የሚመልስ ሰው አለን አለች። ሰጠኋት።

ወረቀትህን አለችኝ። መጣ አልኩ በሆዴ። ጊዜው ያለፈውንም፣ “ደርሶናል” የሚለውንም አሳየኋት። ሁለቱንም አነበበች። ስሜንና ስልኬን ጻፈች።

“ይሄ የኔ ሥራ አይደለም” አለችኝ። “የኔ ሥራ ሄሊኮፕተሩ ነው።”

ወረቀቶቹን ግን ፎቶ ኮፒ አደረገቻቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልንወጣ ስንል “ቤተሰቡ ፎቶውን ቢያገኝ ፈቃድህ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። “እሺ” አልኩ። “ስሙ ሲፖ ነው” አለች። “በሩ ላይ ያለው።”

 ኡም ፒት ሜይፌር ሲያወርደኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ለሐና ነገርኳት። አልተቆጣችም። መኝታ ቤት ገብታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች፤ የታጠፈውን ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች። እንደዚያ ስትሆን ነው የምፈራው።

ሐሙስ

ሥራ ገባሁ። ለጋሽ ታደሰ እውነቱን ነገርኩት። “እንግዲህ አንዴ ሆኗል” ብሎ ሳጥን መደርደሩን ቀጠለ። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ምሳ ሲሆን ግን ከምሳው ግማሹን ቆርሶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ።

መኪና ሱቁ ፊት በቆመ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። የመጣ የለም። ጎረምሳው መጣ፣ ሲጋራውን ገዛ፣ ስለ ፎቶው አላነሳም። ግሩፑን አልከፈትኩም። ልውጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱንም አላደረግሁም።

ወደ ማታ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። መጀመሪያ አላነሳሁም። ደገመ። የሲፖ አጎት ነኝ አለኝ። ድምፁ ወፍራምና ቀስ ያለ ነው። ሻለቃዋ ፎቶውን በስልክ ልካላቸዋለች፤ እናትየው ግን ስልኩን አልይዝም ብላለች። “ስልክ ይጠፋል ትላለች። በወረቀት ልታመጣላት ትችላለህ? አንተ ራስህ። ያነሳው ሰው ይምጣ ነው የምትለው።”

ቴምቢሳ ነው ቤታቸው። እኔ ወደ ታውንሺፕ፣ ወደ ጥቁሮቹ መንደር፣ የምገባው ከፍርግርግ ጀርባ ለመቆም ብቻ ነው። እመጣለሁ አልኩት። 

ዓርብ

ጠዋት መሃል ከተማ፣ የኛ ሰዎች ሱቅ በበዛበት ጄፒ አካባቢ፣ ፎቶውን ፎቶ ቤት አሳጠብኩት። የሚያትመው ልጅ የኛው አገር ሰው ነው፤ “የሠርግ ነው?” አለኝ ገና ሳይከፍተው። ከፍቶ አየው። ጥሩውን ወረቀት አወጣልኝ።

ኡም ፒት ኮትና ክራቫት አድርጎ መጣ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አንገቱ ላይ ጠቦታል። ሚስቱን የቀበረበት ኮት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅሁም።

ቴምቢሳ ስንደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስንገባ ወሬው ሁሉ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ነጭና አንድ የሱቅ ማይ ፍሬንድ። በሩ ላይ የቆሙት ጎረምሶች መንገድ አልለቀቁልንም። አንዱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና “ምን ፈልገህ ነው?” አለኝ።  “ሳውቦና”፣ የነሱ ሰላምታ፣ ብቻ ነው የወጣኝ፤ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። አጎትየው ከድንኳኑ ብድግ ብሎ መጣ። ረጅም ሰው ነው። በዙሉ አንድ ነገር አላቸውና ወዲያው ገለል አሉ። እጄን ይዞኝ ሲገባ ምን እንዳላቸው ጠየቅሁት። “ሲፖን ያመጣልን ሰው ነው አልኳቸው” አለኝ።

ከእናትየው ክፍል ዕቃው ሁሉ ወጥቷል። መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ሴቶች ግራና ቀኝ። ተንበረከክሁና ፖስታውን በሁለት እጄ ሰጠኋት። በእንግሊዝኛ የሚባለው ጠፋኝ። “እግዚአብሔር ያጽናዎት” አልኩ በአማርኛ። ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት ይመስላል።

ፎቶውን አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገች። ለረጅም ጊዜ አየችው። አላለቀሰችም። ጣቷን ጉንጩ ጠባሳ ላይ አደረገች፣ ከዚያ የተቀደደው ጓንት ላይ። 

“ሳጥኑ አይከፈትም አሉን” አለችኝ። እንግሊዝኛዋ ቀስ ያለ ነው። “ሳላየው ልቀብረው ነበር።”

ጣቷን ወደሚያወዛውዘው እጁ መለሰች።

“ሲያወዛውዝ ላንተ ነው?” አለች።

“ለእኛ ነው፤ አጥሩ ስር ለቆምነው።”

“ያውቅህ ነበር?”

“አያውቀኝም፣ ማማ።”

“እንደሱ ነው። የማያውቀውን ሁሉ ሰላም ይላል። ትንሽ ሆኖም ባቡር ላይ ያሳፍረኝ ነበር።” ልትስቅ ስትል ነው ያለቀሰችው። ያኔ ሴቶቹ ተነሡ፣ ዜማ ጀመሩ። እኔን አጎትየው ደግፎ አወጣኝ። ኡም ፒት በሩ ላይ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር። ድንኳን ውስጥ አስቀመጡንና ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ሥጋ አቀረቡልን፤ ጨርሰን ሳንበላ ልንሄድ አልቻልንም። መንገድ ከልክሎኝ የነበረው ጎረምሳ ነው የእጅ ውሃ ያመጣልኝ።

ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ከፊት ወንበር ተቀመጡ ብላለች እናትየው። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ይቆማል። የጣቢያው ወታደር ሁሉ ይመጣል፣ የጦር ፖሊሱም፣ ጋዜጣውም። ስለ እድሳቱ ዛሬም መልስ የለም። የተመለሰ ካርድም የለም። ሻለቃዋ ኮፒዎቹን ምን እንዳደረገቻቸው አላውቅም። ወደ አጥሩ እንደገና እመለስ እንደሆነም አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለሐና ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። “አሳየኝ” አለች። ሳምንቱን ሙሉ አላይም ያለችውን። አንድ ትርፍ አሳትሜ ነበር፤ ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው።

“ልጅ ነው እኮ” አለች።

“አዎ።”

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጥቁር ነጠላዋን ፈለገች። “እነሱ ዘንድ ቀብር ላይ ሴት ራሷን ትሸፍናለች አይደል?” አለችኝ። ትሸፍናለች አልኳት። አውጥታ ወንበሩ ላይ ዘረጋችው።